የሕፃን ራስ ጠጉርና የአባቶች ሥርዐት

ሰው ከማሕፀን ሲወጣ ለብሶት የሚመጣው ልብስ ጠጉሩ ብቻ ነው፤ እርሱም ብዙ ሳይቈይ ይረግፋል። ከጥንት ሕዝቦች ብዙዎቹ በሕፃን ጠጉር ላይ ሥርዐት መሥራታቸው ስለዚህ ሊሆን ይችላል። በግብፅ የልጆችን ራስ ላጭተው በስተቀኝ በኩል አንድ ጉንጉን ይተዉ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1279 እስከ 1213 የነገሠው ዳግማዊ ራምሴስ እንኳ በልጅነቱ አምሳል በተቀረጸበትና ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ሙዚየም በሚገኘው ድንጋይ ላይ ያን ጉንጉን ይዞ ይታያል። የግሪክና የሩስያ ኦርቶዶክሳውያንም ሕፃኑ ከተጠመቀ በኋላ ካህኑ ከራሱ ላይ በመስቀል አምሳል ጥቂት ጠጉር ይቈርጣል፤ ሕፃኑ ከራሱ የሚሰጠው ሌላ ገንዘብ የለውምና የመጀመሪያው መባ ይህ ይሆናል።

በአገራችን ደግሞ የልጅ ጠጉር የዕድሜ መዝገብ ነበር። ራሱ ተላጭቶ በመካከል ጥቂት ጠጉር የተተወለት ልጅ ባለ ቁንጮ ይባል ነበር። መካከሉ ተላጭቶ ዙሪያው ሲተው ጋሜ ተባለ። ሳዱላ ደግሞ ያላገባች ልጃገረድ ምልክት ሆነ። እንግዳ ሰው ከደጅ ገብቶ ልጁ ምን ያህል እንዳደገ ሳይጠይቅ ከራሱ ላይ ያነብ ነበር። ሥርዐቱ ከከተማ ቢጠፋም ቃሉ አልጠፋም፤ ዛሬም የሹመትን ጫፍ ቁንጮ፥ የልጅነትንም ዘመን ጋሜነት እንላለንና።

ቁንጮው ስለ ምን ተተወ ቢባል፥ ሕፃኑ ቢሞት መልአክ በቁንጮው ይዞ ወደ ሰማይ እንዲያወጣው ነው የሚሉ ነበሩ። ይህን አባባል የተረት ብቻ አድርጎ መናቅ አይገባም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በራሱ ጠጉር ተይዞ በራእይ ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ተወሰደ በምዕራፍ 8 ተጽፏል፤ በተረፈ ዳንኤልም መልአኩ ዕንባቆምን በራሱ ጠጉር ይዞ ምግቡን እንደ ያዘ ወደ ባቢሎን አድርሶታል። ልጇን ለሞት አደራ የምትሰጥ እናት የምትጽናናበት ነገር ከመጽሐፍ አልራቀም።

ነገር ግን ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 የራስን ጠጉር ዙሪያ መላጨት ትከለክል የለምን የሚል ቢኖር፥ በዚያው ስፍራ ቀጥሎ ስለ ሙታን ሥጋን መቧጨር መከልከሉን ይመልከት። የተከለከለው የአሕዛብ የሐዘንና የአምልኮ ልማድ ነው እንጂ እናት ለልጇ የምታደርገው እንክብካቤ አይደለም።

የቅኔ ሰው እንደሚለው፥ ሰሙ ጠጉር ቢሆን ወርቁ ሌላ ነው። ቁንጮው የሚተወው በእርግብግቢት አጠገብ ነው። በዚያ ስፍራ አጥንቱ ገና አልተጋጠመምና ሥጋው ከልቡ ትርታ ጋር ሲመታ ይታያል፤ የሚገጥመውም በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። እናት ለጋ ቅቤ ስትቀባ እጇ ያን ስፍራ ዕለት ዕለት ይዳስሰው ነበር። ሕፃኑ በተቅማጥ ወይም በማስታወክ ውሃ ሲያንሰው እርግብግቢቱ ይጐደጕዳል፤ በአንዳንድ ብርቱ ሕመም ደግሞ ሳያለቅስም ያብጣል። ያች እጅ ይህን ከማንም በፊት ታውቅ እንደ ነበር አልጠራጠርም። ቅቤው ራሱ አጥንት አያጋጥምም፤ ታላቁ ጥቅም ከመዳሰሱ ነበር።

ዛሬ የሳይንስ ሊቃውንት የሚያስረዱት ብዙውን ፍርሃት ያርቃል። ጠጉር የሚበቅልባቸው ሥሮች ሁሉ በማሕፀን ሳለ ያልቃሉ፤ በራስ ላይ ብቻ 100,000 ያህል ናቸው። የመጀመሪያው ጠጉር በተወለደ በጥቂት ወራት ውስጥ መርገፉ፥ ይልቁንም በሚተኛበት በማጅራቱ በኩል መመለጡ፥ ሕመም አይደለም፤ ሌላው ተተክቶ ይመጣል። ደጋግሞ መላጨት ጠጉርን ያበዛል የሚለውንም በ1928 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሚልድረድ ትሮተር የተባሉ ሴት ሊቅ መርምረው እንደማያበዛው አሳይተዋል። የሕፃን ራስ ላይ የሚወጣው ቅርፊት በጥፍር አይፋቅም፤ በጥቂት ዘይት አለስልሶ ለብ ባለ ውሃ ማጠብና በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት ይበቃል። ምላጭ የሚያነሣም ቢኖር ሌላው ያልተላጨበትን አዲስ ምላጭ ይያዝ፤ በአንድ ምላጭ ብዙ ራስ መላጨት ደዌን ከአንዱ ወደ አንዱ ያሻግራልና።

እንግዲህ ቁንጮውን መልሱ ማለታችን አይደለም፤ ዘመኑ የራሱን ልብስ ይልበስ። ነገር ግን ቁንጮው ሲቀር ያች የምትዳስሰው እጅ አብራ መቅረት አይገባትም። ልጅን አጥቦና አበጥሮ እርግብግቢቱን ማየት ለእናትም ለአባትም የዕለት ሥራ ይሁን፤ ጐድጕዶ ወይም አብጦ ሲያገኙትም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ሰሙ ቢቀልጥ ወርቁ ይቀራል፤ ወርቁን የሚጥል ግን ሁለቱን ያጣል።