ስለ ሃይማኖት በባዕድ ችሎት የመቆም ታሪክ

በሃይማኖቱ ምክንያት የተበደለ ሰው ከአገሩ ዳኛ ፍርድ ያጣ እንደ ሆነ፣ መዝገቡን አደራጅቶ ከመንግሥታት ሸንጎ ፊት የሚያቆመው የሕግ ሊቅ ዛሬ በጄኔቭ፣ በስትራስቡርግና በባንጁል የታወቀ ባለሙያ ነው። ይሁን እንጂ የሙያው ዕድሜ እንደ ስደቱ ዕድሜ ረዥም አይደለም። ምእመናን ስለ እምነታቸው መከራ ሲቀበሉ የኖሩት ከጥንት ሰማዕታት ዘመን ጀምሮ ሲሆን፣ ስለ እነርሱ በመንግሥታት ፊት ይናገሩ የነበሩት ነገሥታት፣ ጳጳሳትና አምባሳደሮች ነበሩ፤ ተበዳዩ ራሱ በገዛ ስሙ አቤት እንዲል የሚፈቅድለት የመንግሥታት ውል ግን እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ አልተገኘም። የዚህን ሙያ ታሪክ ስመረምር፣ ብዙ ከተነገረላቸው የነፃነት መግለጫዎች ይልቅ ልቤን የሚይዘው፣ አቤቱታው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1878 ኃያላን መንግሥታት በበርሊን ተሰብስበው የባልካንን ነገር በወሰኑ ጊዜ፣ የሩማንያ ነፃ መንግሥትነት የሚታወቀው በዚያች አገር ማንም ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት ከመብቱ እንዳይከለከል የሚያዝዘው የውላቸው አንቀጽ 44 ሲፈጸም ነው ብለው ደነገጉ። ሩማንያም በ1879 ሕገ መንግሥትዋን አሻሻለች፤ ነገር ግን በአገሩ ተወልዶ ያደገው አይሁዳዊ እንደ መጻተኛ ተቈጥሮ፣ ዜግነት የሚያገኘው ምክር ቤቱ ለያንዳንዱ ሰው ለብቻው ሲፈቅድለት እንዲሆን ስላደረገች፣ አብዛኛው የአይሁድ ሕዝብ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስ ያለ ዜግነት ቀረ። ኃያላኑ ይህን እያዩ፣ ጀርመንም ዜጎችዋ በሩማንያ የባቡር ሐዲድ ላይ ያዋሉት ገንዘብ ጉዳይ ከተፈጸመላት በኋላ፣ የሩማንያን ነፃነት አጸደቁ። ውሉ የመንግሥታት ስለ ነበረ፣ ውሉ ፈረሰ ብሎ ለመክሰስ የሚችለውም መንግሥት ብቻ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በ1919 ከፖላንድ ጋር የተፈረመው ውልና እርሱን የተከተሉት ሌሎች ውሎች የአናሳ ሕዝቦችን ሃይማኖትና ቋንቋ ከመንግሥታት ማኅበር ጥበቃ በታች አኖሩ። አቤቱታ መላክም ተፈቀደ፤ ነገር ግን አቤት ባዩ ተከራካሪ ወገን መሆኑ ቀርቶ እንደ ወሬ አቀባይ የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ ጽሑፉን ሦስት የማኅበሩ ምክር ቤት አባሎች በዝግ ይመለከቱታል እንጂ እርሱን ጠርቶ የሚያነጋግረው የለም ነበር። ጀርመንና ፖላንድ በ1922 ስለ ላይኛው ሲሌዥያ የተዋዋሉት ውል ግን በአንቀጽ 147 የግለሰብን አቤቱታ በቀጥታ ለምክር ቤቱ ፍርድ አቀረበው፤ የሙያው ልደትም በእኔ አስተያየት ከዚህ አንቀጽ ይጀምራል።

በ1933 ጸደይ የአይሁድ ማኅበራት ነገረ ፈጆች የሂትለር መንግሥት ያወጣቸውን ሕጎች የሚከሱበትን መንገድ ሲፈልጉ ይህን አንቀጽ አገኙ። ውሉ የሚጠብቀው የዚያን ግዛት ሰዎች ብቻ ስለ ሆነ፣ ስሙን በአቤቱታው ላይ የሚያኖር አንድ የሲሌዥያ ሰው አስፈለጋቸው፤ በዚያው በግዛቱ ተቀምጦ የሚፈርም ሰው ምን እንደሚደርስበት ደግሞ ግልጽ ነበር። በመጨረሻም ኤሚል ማርጉሊስ የሚባለው ጠበቃ፣ በግላይቪትዝ ከተማ በአንድ መደብር ተቀጥሮ ሲሠራ አይሁዳዊ በመሆኑ ተባርሮ ወደ ፕራግ የሸሸውን ፍራንዝ በርንሃይምን አገኘ። አቤቱታው በግንቦት ወር በጄኔቭ ለነበረው ለማኅበሩ በደረሰ ጊዜ፣ የጀርመን መልእክተኛ ይህ ሰው የግዛቱ ተወላጅ ስላልሆነ አቤት ለማለት አይገባውም ብሎ ተከራከረ፤ የውሉ መፍረስም የበታች ሹማምንት ስሕተት ነው አለ። የሕግ ሊቃውንት ጉባኤ የመጀመሪያውን ክርክር ውድቅ አደረገው፤ ምክር ቤቱም በሰኔ ወር ጀርመንና ኢጣልያ ድምፅ ሳይሰጡ የበርንሃይምን አቤቱታ የሚደግፈውን ሐተታ ተቀበለ። የአይሁድ ጠበቆችና ሐኪሞች በዚያ ግዛት ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ በ1935 የወጡት የኑርንበርግ ሕጎችም ውሉ እስከሚያልቅበት እስከ ሐምሌ 1937 ድረስ በዚያ አልሠሩም። በአንድ ጠባብ ወረዳ ለአራት ዓመት ብቻ የተገኘ ዕረፍት ነው ብሎ የሚያቃልለው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥታችን በዚያው ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ባሉ ጊዜ ምን መልስ እንዳገኙ የምናስታውስ እኛ፣ ከሥራው የተባረረ አንድ ሠራተኛ ያገኘውን ፍርድ ልናቃልለው አይገባንም።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ፣ ሃይማኖትን የመለወጥን መብት ጭምር በአንቀጽ 18 ሲያውጅ፣ የድጋፍ ድምፃቸውን ከሰጡት 48 አገሮች ኢትዮጵያ አንዲቱ ነበረች። ይሁን እንጂ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚሽን፣ ከየአገሩ የሚጐርፉለትን አቤቱታዎች ተመልክቶ አንዳች ለማድረግ ሥልጣን የለኝም ብሎ ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ አስታውቆ ነበር።

በሩን በእውነት የከፈተው በ1950 በሮም የተፈረመው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት ነው፤ እርሱም ቢሆን መንግሥታቱ ሲፈቅዱ ብቻ ነበር። ግሪክ ዜጎችዋ በእርስዋ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርቡ የፈቀደችው በ1985 ኅዳር ነው። በቀርጤስ ደሴት በሲቲያ ከተማ የሚኖሩ ሚኖስ ኮኪናኪስ የሚባሉ ሰው በ1936 የይሖዋ ምስክር ከሆኑ ጀምሮ፣ በአምባገነኑ በሜታክሳስ ዘመን የወጣው ሕግ ምእመናንን ከሃይማኖታቸው ማስኮብለልን ወንጀል አድርጎት ስለ ነበረ፣ ከ60 ጊዜ በላይ ታስረዋል። በመጋቢት 1986 ከባለቤታቸው ጋር የአንዲት ሴት ቤት አንኳኩተው ገቡ። የሴትዮዋ ባል በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዘምር ነበረና ለፖሊስ ነገረ፤ አዛውንቱም እንደ ልማዱ ተያዙ።

የሴትዮዋ የምስክርነት ቃል በፍርዱ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። እንግዶቹ ከጥቂት ቀን በፊት ስለ ተገደለው ስለ ስዊድኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ኦሎፍ ፓልሜ እንደ ነገሯት፣ ከሩብ ሰዓት እንዳልበለጡ፣ ከንግግራቸውም ብዙው እንዳልገባት ከተናገረች በኋላ፣ ነገሩ እምነትዋን ከቶ እንዳልነካው ጨምራ መስክራለች። የይግባኙ ፍርድ ቤት ባለቤታቸውን በነፃ ሲለቅ በእርሳቸው ላይ የሦስት ወር እስራት ፈረደባቸው፤ ከዳኞቹ አንዱ ግን፣ የመዘምር ሚስት የሆነች ሴት የኦርቶዶክስን ትምህርት አታውቅም፣ በቀላሉም ትታለላለች የሚያሰኝ ማስረጃ የለም ብሎ ተለይቶ ጻፈ። ይህ ለብቻው የቀረ ዳኛ የጻፈው ጥቂት መስመር፣ በቀርጤስ ችሎት ሳይሰማ ቢቀርም፣ የነገሩን ሥር የነካ ይመስለኛል።

ነገሩ በ1988 ሰበር ሰሚው ችሎት ውድቅ ካደረገው በኋላ በስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደ፤ በግንቦት 1993ም በስድስት ድምፅ ለሦስት ለኮኪናኪስ ተፈረደ። ጠበቆች ደጋግመው የሚያጠኑት የፍርዱን ምክንያት ነው። ዳኞቹ የግሪክን ሕግ አልሻሩም፤ ስለ እምነት መመስከርና በተንኰል ወይም በግፊት ማስኮብለል የተለያዩ መሆናቸውንም ተቀበሉ። የግሪክን ፍርድ ያፈረሰው፣ ዳኞችዋ የሕጉን ቃል ገልብጠው ከመጻፍ በቀር ተከሳሹ በምን ተንኰል እንደ ሠሩ አንድም ነገር አለማስረዳታቸው ነበር።

አገራችን የተባበሩት መንግሥታት ያወጣውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የተቀበለችው በዚያው በ1993 ሲሆን፣ የግለሰብን አቤቱታ የሚፈቅደውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ግን አልፈረመችም። ስለዚህ ስለ ሃይማኖቱ ድንበር ተሻግሮ አቤት ማለት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ሊያንኳኳው የሚችለው፣ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ቻርተር በ1998 ስላጸደቀች፣ በባንጁል የሚገኘውን የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው። የቻርተሩ አንቀጽ 56 ግን ጥብቅ ነው፤ አቤት ባዩ ስሙን ለኮሚሽኑ እንዲገልጽ፣ አስቀድሞም በአገሩ ፍርድ ቤቶች እስከ መጨረሻው እንዲከራከር፣ ጽሑፉም በጋዜጣ ወሬ ብቻ ያልተመሠረተና መንግሥትን ከሚያዋርድ ስድብ የጠራ እንዲሆን ያዝዛል። በዚህ ምክንያት ይህን ሥራ የያዘ ጠበቃ፣ ደንበኛው በእንባና በቁጣ የነገረውን ሁሉ በቀንና በቦታ፣ በምስክርም ስም ለይቶ ከጻፈ በኋላ፣ ከወረዳው ችሎት ጀምሮ እስከ ሰበር የተሰጠውን የያንዳንዱን ውሳኔ ግልባጭ ከነማኅተሙ ሳይሰበስብ አቤቱታውን ለባንጁል አይልክም።