«ገዝቻለሁ» ብሎ ማስታወስ፦ ከነቀምቴ ገበያ እስከ ግብይት ሮቦት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ገበያ ወጥታችሁ አንድ ኪሎ ቡና ገዛችሁ እንበል። ዞር ስትሉ ዋጋው አሁንም ያው ጥሩ የተባለው ዋጋ ነው። ተመልሳችሁ ትገዛላችሁ? አትገዙም። ቡናው እጃችሁ ላይ ነዋ! ብሩም ከኪሳችሁ ወጥቷል።

ኮምፒውተር ግን እጅም ኪስም የለውም። «ዋጋው ጥሩ ከሆነ ግዛ» ብላችሁ ከጻፋችሁለት ይገዛል። ከአንድ ሰከንድ በኋላም ዋጋው ጥሩ ነው፤ ስለዚህ እንደገና ይገዛል። ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ የታዘዘውን በታማኝነት እየፈጸመ ነው። «አንዴ ገዝቻለሁ፣ ይበቃል» የሚለውን ሐሳብ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ይህን ሐሳብ ለማሽን ማስተማር ዛሬ አውቶማቲክ የግብይት ኮድ ለሚጽፉ ሰዎች የየዕለት ሥራ ነው። ችግሩ ግን ከኮምፒውተር በፊትም ነበረ። ገበያ ባለበት ሁሉ «ይህ ግዢ አልቋል» የሚባልበት ዘዴ ያስፈልጋል። ዘዴው በየዘመኑ እንዴት እንደተለወጠ ለማየት ከወለጋ እንነሳ።

ጆንያው ራሱ የሚያስታውስበት ገበያ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በሞሮዳ በከሬና በልጁ በኩምሳ ሞሮዳ ዘመን፣ የምዕራቡ ንግድ መገናኛ ነበረች። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በዚያ ያልፉ ነበር፤ ክፍያውም በማርያ ትሬዛ ብርና በአሞሌ ጨው ይፈጸም ነበር። የከተማዋ የድሮ አጠራር ዛሬም በዓለም የቡና ንግድ ውስጥ አለ፤ ገዢዎች የወለጋን ቡና «ለቀምት» እያሉ ይጠሩታል።

በእንዲህ ያለ ገበያ አንድን ጆንያ ሁለት ጊዜ መሸጥ ከባድ ነው። ጆንያው ተሸክመውት ሲሄዱ ከቦታው ይጠፋል፤ ብሩም ተቆጥሮ ያልቃል። ማንም «ሁለቴ አትግዛ» የሚል ሕግ መጻፍ አላስፈለገውም፤ ዕቃው ራሱ መዝገብ ነበር።

ነገሩ የሚወሳሰበው ዕቃው ሌላ ቦታ ሆኖ ሰዎች በስሙ ብቻ ሲገበያዩ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ሥራ ሲጀምር የሆነው ይኸው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ቡናም ወደዚህ ገበያ ገባ። ከጊምቢ አካባቢ የመጣ ቡና መጋዘን ገብቶ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ለባለቤቱም የመጋዘን ደረሰኝ ይሰጠዋል። ሻጭና ገዢ የሚገናኙት ግን አዲስ አበባ ነው። ቡናው ጊምቢ፣ ድርድሩ አዲስ አበባ!

ታዲያ እዚያ አዳራሽ ውስጥ «ተሽጧል» የሚለውን ማን ያስታውስ? መጀመሪያ የሰው እጅ ነበር። ተገበያዮች በደወል ይጀምራሉ፤ ዋጋ በጩኸት ይጠራሉ፤ ሲስማሙ እጅ ለእጅ ይማታሉ። ከዚያ ስምምነቱ ይመዘገባል፣ ደረሰኙም ወደ ገዢው ይዞራል። ከዚህ በኋላ ያው ቡና ተመልሶ በሻጩ ስም አይቀርብም። የጆንያውን ሥራ መዝገቡ ወረሰ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ምርት ገበያው ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት መሸጋገር ጀመረ። በኋላም ነቀምቴን ጨምሮ በክልል ከተሞች የኤሌክትሮኒክ ግብይት ማዕከላት ተከፈቱ። የእጅ መማታቱ ቦታ በአንድ ቁልፍ ተተካ። ሆኖም ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ቁልፉን አንዴ ከተጫነ በኋላ «ቆይ፣ ገዝቻለሁ እኮ» ይላል። ሰውዬውንም ስናወጣው ምን ይቀራል? የዛሬው ጥያቄያችን እሱ ነው።

ሻማው የሚደብቀው ነገር

መልሱን ለማየት አንድ መሣሪያ እንወቅ። የዋጋ ሰንጠረዥ አይታችሁ ከሆነ አረንጓዴና ቀይ ሻማዎች የተደረደሩበት ነው። ፕሮግራመሮች አንዱን ሻማ «ባር» ይሉታል። አንድ ባር የተወሰነ ጊዜን፣ ለምሳሌ አንድ ሰዓትን፣ በአራት ቁጥሮች ይጠቀልላል፦ መክፈቻ ዋጋ፣ ከፍተኛ ዋጋ፣ ዝቅተኛ ዋጋ እና መዝጊያ ዋጋ።

ሥዕሉ የመጣው ከጃፓን ነው። በኦሳካ ከተማ የነበረው የዶጂማ የሩዝ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1730 የመንግሥት ፈቃድ አገኘ። በተለምዶ የሻማ ሥዕልን የፈጠረው ሆማ ሙኔሂሳ የተባለ የሩዝ ነጋዴ ነው ይባላል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ግን የዛሬው መልኩ ከእሱ በኋላ እንደመጣ ያስባሉ። ዶጂማ ለእኛ የሚጠቅም ሌላ ታሪክም አለው። የቀኑ ግብይት የሚያበቃው የተለኮሰ ገመድ ነዶ ሲያልቅ ነበር። ገመዱ አልቆም አንበተንም ያሉ ነጋዴዎች ካሉ፣ ውሃ እየረጩ የሚበትኗቸው ሰዎች ነበሩ። «አበቃ» ለማለት ውሃ ያስፈለገው ገበያ ነው!

አሁን ወደ ሻማው ውስጥ እንግባ። አንድ ፈረሱላ (17 ኪሎ) ቡና የሚገበያይ ሮቦት ጻፋችሁ እንበል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው። ባሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው። ዋጋው በ5,000 ብር ተከፈተ። ሮቦቱ ሁለት ሕግ አለው፦

አንደኛ፣ ዋጋው 5,050 ከደረሰ ግዛ።
ሁለተኛ፣ ከገዛህ በኋላ 5,030 ከወረደ ሽጠህ ውጣ።

ሐሳባችሁ «ብሳሳት የምከስረው 20 ብር ነው» የሚል ነው። ዋጋው 5,050 ደረሰ፤ ሮቦቱ ገዛ። ወደ 5,030 ወረደ፤ ሸጦ ወጣ፤ 20 ብር ከሰረ። እስካሁን ልክ ነው። ግን ገና 3 ሰዓት ከ10 ነው። ዋጋው ተመልሶ 5,050 ደረሰ። አንደኛው ሕግ አሁንም ተሟልቷል፤ ሮቦቱ እንደገና ገዛ። እንደገና ወረደ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህ አሥር ጊዜ ቢደጋገም ኪሳራው 200 ብር ነው፤ የአገልግሎት ክፍያው ሳይቆጠር። እናንተ የፈቀዳችሁት 20 ብር ነበር።

የሚገርመው፣ 4 ሰዓት ላይ ሻማውን ስታዩት ምንም አይነግራችሁም። መክፈቻ 5,000፣ ከፍተኛ 5,052፣ ዝቅተኛ 4,990፣ መዝጊያ 5,010። ዋጋው በመሃል አንዴ ይውጣ አሥር ጊዜ ይመላለስ ከእነዚህ አራት ቁጥሮች ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሮቦቱን ባለፈው ዓመት ሻማዎች ብቻ የፈተነ ሰው በአንድ ባር አንድ ግዢ ብቻ ሊያይ ይችላል። በእውነተኛው ገበያ ግን ኮዱ የሚሠራው ዋጋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሜታትሬደር 4 በሚባለው ታዋቂ ሶፍትዌር ላይ የሚጻፉ ሮቦቶች ለምሳሌ አዲስ ዋጋ በመጣ ቁጥር ይነቃሉ። በሙከራ ያማረው ሮቦት ገበያ ሲወጣ ኪስ የሚያራቁተው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

45 ደቂቃ

«ይህማ የጀማሪዎች ስህተት ነው» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኒው ጀርሲ እንሂድ። ናይት ካፒታል በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ከታላላቆቹ አገበያዮች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ አዲስ አገልግሎት የሚጀምርበት ቀን ስለነበር ኩባንያው አዲስ ኮድ አዘጋጀ። ኮዱ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ የተጫነው በሰባቱ ላይ ብቻ ነው። በስምንተኛው ላይ «ፓወር ፔግ» የሚባል፣ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ያቆመ ኮድ ተኝቶ ነበር። አዲሱ ትዕዛዝ ደግሞ የድሮውን ኮድ የሚቀሰቅሰውን ምልክት ነበር የሚጠቀመው።

ፓወር ፔግ በድሮው ጊዜ የሚቆጥርለት ነበረው፤ የተፈለገው ያህል አክሲዮን ሲገዛ «በቃ» ይባል ነበር። በ2005 ግን ቆጣሪው ከቦታው ተነስቶ ወደ ሌላ የኮዱ ክፍል ተዛወረ። የተኛ ኮድ ስለሆነ ያለ ቆጣሪው ይሠራ እንደሆነ ማንም አልፈተነውም። ያን ቀን ሲነቃ ትዕዛዝ ላከ፤ ትዕዛዙ ተፈጸመ፤ እሱ ግን መፈጸሙን አላወቀም። እንደገና ላከ። 212 ትዕዛዞች ብቻ ነበሩ የገቡለት፤ በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶች ፈጸመ።

ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ለሠራተኞች 97 የኢሜይል መልእክቶች ልኮ ነበር፤ እንደ ማስጠንቀቂያ ያነበባቸው አልነበረም። ችግሩ ሲታይ ባለሙያዎቹ አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ደህና ሰርቨሮች አነሱት፤ ያኔ እነሱም ወደ ድሮው ተመለሱና ነገሩ ባሰ። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ከሌላ ድርጅት ጋር ተጠቃሎ ራሱን ችሎ መቆሙ አበቃ።

ከነቀምቴው ጆንያ ጋር አስተያዩት። እዚያ ዕቃው ራሱ «አልቋል» ይል ነበር። እዚህ «አልቋል» የምትለዋ የኮድ ክፍል ከቦታዋ ተነቅላ ነበር።

ሦስት መስመር የማስታወሻ ደብተር

መፍትሔው በመሠረቱ ቀላል ነው፤ ለሮቦቱ የማስታወሻ ደብተር መስጠት። በአማርኛ ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

ዋጋ በመጣ ቁጥር፣ አሁን ያለንበት ባር የተከፈተበትን ሰዓት እይ።
ይህ ሰዓት መጨረሻ ከገዛህበት ባር ሰዓት ጋር አንድ ከሆነ፣ ምንም ሳታደርግ ተመለስ።
ካልሆነና ምልክቱ ከተሟላ፣ የባሩን ሰዓት መዝግብ፤ ከዚያ ግዛ።

በዚህ መንገድ የ3 ሰዓቱ ባር አንድ ግዢ ብቻ ያገኛል፤ ቀጣዩ ዕድል 4 ሰዓት ላይ ነው። ሦስተኛውን መስመር ልብ በሉ። «መዝግብ» የሚለው «ግዛ» ከሚለው ቀድሟል። ለምን? ትዕዛዝ ተልኮ መልስ እስኪመጣ ጊዜ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት አዲስ ዋጋ ቢመጣና ደብተሩ ባዶ ቢሆን ሮቦቱ ሁለተኛ ትዕዛዝ ይልካል። አስቀድሞ መመዝገብም ዋጋ አለው፤ ትዕዛዙ ውድቅ ቢሆን የዚያ ሰዓት ዕድል ያመልጣል። ግን አንድ ዕድል ማምለጡ አሥር ጊዜ ከመክሰር ይሻላል።

«አንድ ብቻ» የግድ አይደለም። በአንድ ባር ሁለቴ መግባትን ፈልጋችሁ ከሆነ ሁለት ብላችሁ ጻፉ። ዋናው ነገር ቁጥሩን ሰው መወሰኑ ነው፤ ካልተወሰነ ገበያው ይወስነዋል።

አሁን ደግሞ መብራት ጠፋ እንበል። ነቀምቴም ሆነ ደምቢ ዶሎ ያለ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ፣ ደብተሩ በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ከነበረ ተሰርዟል፤ ሮቦቱ እንደ አዲስ ተወልዶ ይገዛል። የወለጋ ሰው የግንኙነት መቋረጥንም ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ፣ የወለጋ ዞኖችን ጨምሮ፣ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ጥሩ ኮድ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው መግዛት ሳይሆን መጠየቅ ነው፤ ወደ አገበያዩ መዝገብ ሄዶ «በዚህ ባር ውስጥ በስሜ የተገዛ ነገር አለ?» ይላል። መልስ ካላገኘ አይነካም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? በጥር 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተመረቀ። የሚሠራው በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ነው። የነገውን የግብይት ኮድ ከሚጽፉት መካከል ዛሬ ይህን የምታነቡ ትኖሩበታላችሁ። በሌላ በኩል በቴሌግራም «ተኝተህ ብር የሚሠራልህ ሮቦት» የሚሸጡ ሰዎች ስልካችሁን ያንኳኳሉ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? እንዲህ ያለ ሮቦት ሲቀርብላችሁ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከመስማታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መግዛቱን የሚያውቀው በምንድን ነው? የት ይመዘግበዋል? መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ ያስታውሰዋል? ሻጩ መልስ ከሌለው ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት።