ቆራሌው ያልወሰደው ሸክላ

«ቆራሌው! አሮጌ ብረት፣ ቆርቆሮ ያለው!»

ይህ ጥሪ አቃቂ ቃሊቲ ሲሰማ ከሌላው ሰፈር ይልቅ ቁም ነገር አለው። ብረት ማቅለጫዎቹ እዚያው ጎረቤት ስለሆኑ ቆራሌው የለቀመው ሩቅ አይሄድም። ዘንድሮ የሸጡት የተሰበረ አልጋ ከርሞ ፌሮ ሆኖ የሰፈርዎ ፎቅ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

በቀደም አቃቂ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ቤት ጓዳ ሲጸዳ ደረስኩ። ልጆቻቸው አሮጌውን ሁሉ ወደ ደጅ ያግዛሉ። ቆራሌው የተቃጠለውን ሸክላ ማጫወቻ አገላብጦ አየና ዋጋ ሰጠ። አጠገቡ ያለውን ካርቶን ሲከፍተው ደግሞ ሸክላ ሞልቶበታል። አንዱን አወጣ፣ በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው፣ መለሰው።

«አባባ፣ ይሄ እንኳን አይመዘንም» አለ።

ሽማግሌው ሳቁ። «እውነትክን ነው፣ አይመዘንም!» አሉ። ካርቶኑም ወደ ጓዳ ተመለሰ።

እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። የማይመዘን ነገር ዕጣው ምንድን ነው? ጠባቂ ካገኘ ካርቶን ውስጥ ይቆያል፤ ካላገኘ ይጣላል። የዘመናዊ ሙዚቃችንም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የኢትዮጵያ ሸክላ ታሪኩ ረጅም፣ ወርቃማ ዘመኑ ግን አጭር ነው። (የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፅ ጀርመን ሄዶ የተቀረፀው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነበር። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ቆየ። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሸክላ ነጋዴ ይህን አጥር ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። ሀገር ውስጥ ሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ቤይሩት እየላከ ነበር የሚያሳትመው። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። ካይፋና ፊሊፕስም ተከተሉ። ሁሉም ተደምሮ እስከ 1978 ድረስ የወጣው ወደ 500 ትንንሽና ወደ 30 ትልልቅ ሸክላ ብቻ ነው። ከዚያማ አብዮቱ፣ ሰዓት እላፊው፣ ካሴቱ መጣ፤ አምሃም አሜሪካ ገባ፤ ሸክላም አበቃለት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጅማ የተወለደ ልጅ ኒው ዮርክ ውስጥ የራሱን ሙከራ ጀምሮ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ ምህንድስና ይማር ተብሎ ዌልስ ተላከ። እሱ ግን ልቡ ሙዚቃ ላይ ሆነና በለንደን አድርጎ ቦስተን፣ በርክሊ ገባ። በ1966፣ በ20ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለ፣ «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚል ሥራ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት ቅጽ አወጣ። የባንዱ ስም «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» ነው፤ ተጫዋቾቹ ግን በአብዛኛው ኒው ዮርክ የሚኖሩ የላቲን ልጆች ነበሩ።

የሙከራውን ድፍረት ልብ በሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ናቸው። ጃዝ ደግሞ በ12ቱም ድምፅ ይጫወታል። አንዱን በሌላው ላይ ዝም ብሎ ቢደፉት ወይ ትዝታው ይጠፋል ወይ ጃዙ። ሙላቱ በቫይብራፎንና በፒያኖ ሁለቱን ሊያስታርቅ ሞከረ፣ ከሥር የላቲን ከበሮ አስገባ። ይባስ ብሎም አንድ ጥንታዊ የኢትዮጵያ ጦረኞች ዜማ በስፓኒሽ ቋንቋ አስዘፈነ! ለአሜሪካኑ እንግዳ፣ ለአበሻውም እንግዳ። በዚያን ጊዜ ሚዛን ቢወጣ ስንት ኪሎ ይሆን ነበር?

ሰውየው አልተወውም። በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ሠራ። በ1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ አብሮት ሠራ። በ1974 ደግሞ «የካቲት»ን በአምሃ ሸክላ አሳተመ። ሙከራው ስም ወጥቶለት ኢትዮ ጃዝ ተባለ። ሀገሬው ግን በዚያ ዘመን ነፍሱ ከዘፋኝ ጋር ነበረች፤ ዘፈን አልባውን ዜማ ብዙው ሰው እንደ ማጀቢያ ነበር የሚያየው።

ትንሣኤው የመጣው በሌላ በር ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ሰምቶ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1975 በካይፋ የወጣው «እሬ መላ መላ» በ1986 ቤልጅግ ውስጥ እንደገና ታተመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራ ከፓሪስ መውጣት ጀመረ፤ አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ነው። በ2005 ጂም ጃርሙሽ ፊልሙ ውስጥ አስገባው፣ ዓለም ጆሮውን ቀሰረ። በመጨረሻም በ2018 ሁለቱ የ1966 ቅጾች በአንድ ላይ ሆነው በለንደኑ ስትረት ኩባንያ ዳግም ታተሙ። 52 ዓመት መሆኑ ነው።

ይሄን ሳስብ ደስታዬና ሐፍረቴ ይቀላቀሉብኛል። ደስታው ግልጽ ነው። ሐፍረቱ የራሳችንን ዜማ በፓሪስና በለንደን ዞሮ ሲመጣ መስማታችን ነው። ፈረንጁን ልንከስ ግን አንችልም፤ እሱማ እኛ ዝም ያልነውን ፈልጎ፣ ጠይቆ፣ አሳተመ። የቅጂ መብት አዋጃችን 410 ራሱ የወጣው በ2004 ነው።

ደግሞም አንድ ነገር አንርሳ፤ ዳግም ለማተም መጀመሪያ አንድ ያስቀመጠ ሰው ያስፈልጋል። ቴፑ ከጠፋ ሸክላው፣ ሸክላው ከተሰበረ የሚያስታውሰው ሰው። በብዙ ሸክላ ላይ ተጽፎ የምናገኘው የዘፋኙና የባንዱ ስም ነው። ሳክስፎኑን ማን ነፋ? ኦርጋኑን ማን ተጫወተ? ይህን በቃላቸው የሚያውቁት እየሄዱብን ነው። ጥላሁን በ2009፣ አምሃና ዓለማየሁ በ2021 ተለዩን። ከእያንዳንዳቸው ጋር ያልተጠየቀ ስንት ጥያቄ አብሮ ተቀብሯል! የጎረቤትን ሽማግሌ ጠይቆ በሸክላው ልባስ ላይ ስም ለመጻፍ ደግሞ በጀትም ኮሚቴም አያስፈልግም፤ እስክሪብቶ ይበቃል።

ወደ አቃቂ ልመልሳችሁ። ማጫወቻው ለቆራሌው ከተሸጠ በኋላ ትንሹ ልጅ ከካርቶኑ አንድ ሸክላ አነሳና በላዩ ላይ ያለውን ርዕስ በስልኩ ፈለገው። ተገኘ። ዜማው ግቢውን ሞላው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ሰሙና እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ እዚህ ጋ መርፌው ይዘላል» አሉ።

አልዘለለም። የሳቸው ሸክላ ከተጫረ ስንት ዓመቱ! የሚሰሙት ሌላ ሰው ሳይጫርበት ካኖረው ነበር። ያቺን የተዘለለች ቦታ ከብዙ ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሟት።

«እንዲህ ነበር ለካ» አሉ፤ ልጃቸውንም ወንበር እንዲያቀርብላቸው ጠየቁት።