ከቦቢኒ እስከ ዴራ፦ የመጫወቻ ካሚዮን እንደ ታሪክ ምንጭ



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ በቃሉ ቀጥተኛ ትርጉም እንደዚያው ነው። የማነሣው ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ የመጫወቻ የጭነት መኪና ነው። ጥያቄው ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። የአንድ ዘመን ልጆች በእጃቸው የያዙት ዕቃ ስለዚያ ዘመን መንገድና ንግድ ምን ይነግረናል? ዕቃው ሳይተርፍ ሲቀርስ ታሪክ ጸሓፊው ምን ይይዛል?

ከተረፈው ልጀምር። የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ ያቋቋመው ሜካኖ ኩባንያ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዲንኪ ቶይስ በሚል ስም ትናንሽ ተሽከርካሪዎችን ማምረት ጀመረ። የፈረንሳይ ቅርንጫፉ ፋብሪካ የነበረው ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ቦቢኒ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከዚያ የወጡት ካሚዮኖች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ይፈለጋሉ። የፓናር ጎታች ከነተሳቢው የፈረንሳይን ምድር ባቡር ስም በጎኑ ይዟል፤ ሌላው ፓናር የኤሶን ነዳጅ ያመላልሳል፤ ሲምካ ካርጎው የሴን ጎበን ፋብሪካ መስታወት ጭኗል። እነዚህን በአንድ መደርደሪያ ላይ ያሰለፈ ሰው ከጦርነት ያገገመችውን ፈረንሳይ ኢኮኖሚ በትንሹ አሰልፏል ማለት ይቻላል። በርሊየ የተባለው የሊዮን ካሚዮን ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ከሳቪየም ጋር ተዋሕዶ በሬኖ ሥር ሲጠቃለል የራሱን ህልውና አጣ፤ የበርሊየ መጫወቻ ግን አለ። ሰብሳቢው መለያ ቁጥሩን፣ የቀለሙን ልዩነት፣ የጎማውን ዓይነት ይመዘግባል። ካርቶኑ ከነመኪናው ከተገኘ ዋጋው ይንራል። እኔ በበኩሌ ይህን የካርቶን ፍቅር ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል።

ዕቃው ራሱም ምስክር ነው። የሚሠራው ዛማክ ከሚባለው የዚንክ፣ የአሉሚኒየም፣ የማግኒዚየምና የመዳብ ቅልቅል ሲሆን፣ የቀለጠው ብረት በግፊት ወደ ፎርማ ይገባል። በቅልቅሉ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ከገባ፣ ከዓመታት በኋላ መጫወቻው ከውስጥ እየተሰነጠቀ ያብጣል፤ በመጨረሻም ይፈረፍራል። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑታል። ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ ብዙዎቹ በዚህ ጠፍተዋል። እንግዲህ ፋብሪካና ካታሎግ ያለው ዕቃ እንኳ በፋብሪካው ጥንቃቄ ጉድለት ከታሪክ መዝገብ ሊወጣ ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የመኪና ታሪክ አስቀድሞ በቋንቋችን ውስጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ፈረንሳዮች የሠሩት ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ «ለገሃር»ን ትቶልናል፤ «ሹፌር»ም ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው። ሹፌሩ የሚነካው ሁሉ ግን ጣሊያንኛ ይናገራል፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኮፈን። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በወረራ የመጡት ፊያቶች «ትሬንታ ኳትሮ»ን አስተዋወቁን። ከዚያ በኋላ የመጣው ፊያት 682 ኤን 3 «ኤንትሬ» ተብሎ ስሙ ከሕዝብ አፍ አልወረደም። ኋላም ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ሲል ሰይሟል፤ የመንገድ ፍርሃታችንን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ሰነድ የለኝም።

ዴራን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። የዶዶታ ወረዳዋ ዴራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ተቀምጣለች። ወደ አርሲ ደጋ ማዳበሪያ የጫነው ይወጣል፤ ስንዴና ገብስ የጫነው ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ አሰላ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ ይህ ምልልስ በእጅጉ በዛ። ትራክተሩም መጣ፤ ባለርስቶች በማሽን ማረስ ሲያዋጣቸው ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተፈናቀሉ። በመንገድ ዳር የቆመ ልጅ የሚያየው ካሚዮን የአባቱን እህል የጫነ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡን ከነጓዙ የወሰደም ሊሆን ይችላል። ያንን ልጅ ያላገናዘበ የካዱ ታሪክ ለእኔ ግማሽ ታሪክ ነው።

ያ ልጅ የቦቢኒ መጫወቻ አልነበረውም፤ የራሱን ሠራ። የዘይት ጣሳ ቆርጦ ካቢን አደረገ። አካሉን በሽቦ አቆመ፣ ቸርኬውን በቆርኪ፣ ጎማውን ባረጀ ሸበጥ ሠራ። ጣሳ ካጣ የበቆሎ አገዳ አለ። ረጅም የሽቦ መሪ ተክሎለት እየሮጠ ይነዳዋል፤ የሞተሩን ድምፅ የሚሰጠው በአፉ ነው። ይህ ዕቃ መለያ ቁጥርና ካርቶን የለውም፤ ሲሰበር ለሌላ መጫወቻ መሥሪያ ይሆናል፣ አለዚያ እሳት ውስጥ ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የባህል ስብስቡን በሰው ልጅ የሕይወት ዑደት፣ ከልጅነት ጀምሮ ማሳየቱ የሚያስመሰግን ነው። የመንገድ ዳር ልጅ ካሚዮን ግን በየክፍለ ሀገሩ የተለያየ ስለሆነ ከአንድ አዳራሽ በላይ ሥራ ይጠይቃል።

ስለዚህ ለታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች አንድ ሥራ እሰጣለሁ። ለዕረፍት ወደ ዴራ፣ ወደ ኢተያ፣ ወደ አሰላ የምትሄዱ፣ በልጅነታቸው የሽቦና የጣሳ መኪና የሠሩ አዋቂዎችን ጠይቃችሁ ዳግም እንዲሠሩላችሁ አድርጉ። የትኛውን ካሚዮን አስበው እንደሚሠሩ፣ ጣሳው የምን እንደነበረ፣ በዚያ ጊዜ ከየት እንደሚገኝ፣ ስንት ዘንግና ስንት ጎማ እንደሚያደርጉለት ጻፉ። መጫወቻውን ከላይም ከሥርም ፎቶ አንሡ፤ የሠሪውን ፈቃድ ጠይቁ። የሞተሩንም ድምፅ ቅረጹ፤ የኤንትሬ ድምፅ ከአይሱዙ ድምፅ እንደሚለይ ሠሪዎቹ ራሳቸው ያሰሟችኋል።