የመርጡለ ማርያም ድንጋይና ኖራ

እቴጌ ዕሌኒ በጎጃም በመርጡለ ማርያም ያሳነጿት ቤተ መቅደስ በግራኝ ጦርነት ከጠፋች በኋላ፣ በ17ኛው ምዕት ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን እንደ ገና ባነሧት ጊዜ፣ ግድግዳዋ በጭቃ ሳይሆን በኖራ ተያያዘ። የቀድሞው ዘመን ድንጋይ ፈላጭ የላዩን አፈር ገፎ፣ የዓለቱን ስንጥቅ መርምሮ፣ ሽብልቁን በመዶሻ እየመታ ድንጋዩን ከምድር ገጽ ይለይ ነበር። የኖራው ጥበብ ግን ከዚህ ይረቅቃል፦ የኖራ ድንጋዩ በምድጃ ውስጥ በብርቱ እሳት ከተቃጠለ በኋላ፣ ውኃ ሲነካው እየፈላና እየጤሰ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱም ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በግንቡ ውስጥ ቀስ በቀስ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ዛሬ በዚያው በጎጃም፣ በደጀን፣ የኖራ ድንጋይ በድማሚትና በመኪና ለሲሚንቶ ይወጣል። በመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ላይ በእጅ የተፈለፈሉት የአበባ ቅርጾች ግን ምትክ የላቸውምና፣ የጎጃም ልጆች ሆይ፣ ዝናምና ፀሐይ ሳይጨርሷቸው ጠብቋቸው።