ስም አውጪው ማን ነው? ከብራስልስ መሳቢያዎች እስከ ሃሽታግ

ዕውቀትን መሰየምና መደርደር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ሥራው ከፖለቲካ ርቆ አያውቅም ባይ ነኝ። ለአንድ ነገር ስም የሚያወጣው ማን ነው? ስሙ የሰፈረበት መዝገብስ በማን እጅ ይገኛል? ኢንተርኔት እነዚህን ጥያቄዎች አልፈጠራቸውም፤ ከወረቀት ዘመን ወረሳቸው እንጂ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤልጅጋዊው የሕግ ባለሙያ ፖል ኦትሌ በ1895 ከወዳጁ ከአንሪ ላ ፎንቴን ጋር በብራስልስ አንድ ተቋም መሠረተ። ዓላማው በዓለም ላይ የታተመውን ጽሑፍ ሁሉ በትንንሽ ካርዶች መዝግቦና በርእሰ ጉዳይ ለይቶ ለጠያቂ ማቅረብ ነበር። ላ ፎንቴን በ1913 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው፤ ለሁለቱም ዕውቀትን ማደራጀትና ሰላምን ማስፈን አንድ ሥራ ነበር። ካርዶቹ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደረሱ። ጥያቄ በፖስታና በቴሌግራም ይመጣል፤ ሠራተኞቹ መሳቢያውን ስበው፣ ካርዱን ገልብጠው መልሱን ይልካሉ። ኋላ «ሙንዳኔየም» የተባለውን ይህን ስብስብ የቤልጅግ መንግሥት በ1934 ዘጋው። በ1940 ደግሞ ከተማይቱን የያዙት ጀርመኖች ክፍሎቹን ለሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ፈልገው ካርዱንም ወረቀቱንም አስወጡት። ኦትሌ በ1944 አረፈ። ከስብስቡ የተረፈው ዛሬ በሞንስ ከተማ በሙዚየም ተቀምጧል።

የኦትሌ ሥርዓት የተቀዳው አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ በ1876 ካሳተመው የአሥርዮሽ ምደባ ነው። ዱዊ ለሃይማኖት የ200ዎቹን ቁጥሮች ሰጠ። ከ220 እስከ 289 ያለው ለክርስትና ተመደበ፤ የተቀሩት የዓለም ሃይማኖቶች በሙሉ በ290ዎቹ ውስጥ ተጨናነቁ። እስልምና የደረሰው 297 የምትል አንዲት ቁጥር ናት። ማንም ማንንም አልሰደበም፣ አዋጅም አልታወጀም፤ መደርደሪያው ብቻውን ተናገረ። እኔ ፖለቲካ የምለው ይህን ነው።

የድረ-ገጽ ዘመን ሲመጣ ይህንን የሚገለብጥ የመሰለ ነገር ታየ። ጆሹዋ ሻክተር የተባለ አሜሪካዊ የሚወዳቸውን በሺህ የሚቆጠሩ የድረ-ገጽ አድራሻዎች በአንድ ፋይል ያጠራቅም ነበር፤ ከየአድራሻው አጠገብም አጭር መለያ ቃል ይጽፋል። በ2003 ይህንኑ ልማዱን «ዴሊሸስ» ብሎ ለሕዝብ ከፈተው። ማንም ሰው ያነበበውን ገጽ ያስቀምጣል፣ የፈለገውን መለያ ቃል ማለትም «ታግ» ይለጥፍበታል፣ ሌሎች በዚያው ቃል ሥር ያስቀመጡትንም ያያል። መሳቢያው ቀረ፤ አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ «ታሪክ»ም «መሬት»ም «ሕግ»ም መሆን ቻለ። በ2004 ቶማስ ቫንደር ዋል ለዚህ ልማድ «ፎክሶኖሚ» የሚል ስም ፈጠረለት፤ ሕዝብ ራሱ የሚያወጣው ምደባ ማለት ነው። ከማያውቁት ሰው ስብስብ መማር የዚያ ዘመን ትልቁ ደስታ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በራሳችን ፊደል መለያ ቃል መጻፍ ይቻል ነበር። ዳሩ ግን «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሯችን አንድ፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። በራሴ ስብስብ ውስጥ አንዱ ርእስ በሦስት አጻጻፍ ተበትኖ ይገኝ ነበር። ሊቃውንቱ በፊደል ይቀነስ አይቀነስ ክርክር ብዙ ቀለም አፍስሰዋል፤ ለክርክሩ እንዲህ ያለ ተግባራዊ ምስክር ይመጣል ብሎ የገመተ ያለ አይመስለኝም።

ሌላም ነበር። በግንቦት 2006 በኢትዮጵያ ብሎግስፖት ላይ ያሉ ጦማሮች እንዳይከፈቱ ታገዱ። እገዳው የአንድን አድራሻ በር የሚዘጋ ነበር። እንደ ብሎግላይንስ ያሉ መጋቢ አንባቢዎች ግን ጽሑፉን በውጭ ባለ ኮምፒውተር ሰብስበው በሌላ አድራሻ ያቀርባሉ። ስለዚህ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው የታገደውን ጽሑፍ በመጋቢው በኩል ሊያነብ ይችል ነበር። ለማደራጀት የተሠራው መሣሪያ ሳይታሰብ የጓሮ በር ሆነ።

የዴሊሸስ መጨረሻ አያምርም። ያሁ በታኅሣሥ 2005 ገዛው፤ ከዚያም ለዓመታት ሳይሠራበት አቆየው። በ2010 መጨረሻ ሊዘጉ ከታሰቡት አገልግሎቶች አንዱ መሆኑን የሚያሳይ የውስጥ ሰነድ አፈትልኮ ወጣ። በ2011 የዩቲዩብ መሥራቾች ቻድ ኸርሊና ስቲቭ ቼን ገዙትና በመስከረም ወር አድሰው ከፈቱት። እዚህ ላይ የሆነውን ጥቂት ሰዎች ናቸው የሚያውቁት። በልብ ወለድና በፊልም ገጸ ባሕርያት ላይ የራሳቸውን ታሪክ የሚጽፉ አፍቃሪዎች ዴሊሸስን እጅግ ረቂቅ መዝገብ አድርገውት ነበር፤ የሁለት ገጸ ባሕርያትን ስም በእዝባር እየለዩ በመለያ ቃል ያጣምራሉ። አዲሱ ዴሊሸስ ያቺን እዝባር በፍለጋ የማያውቃት ሆነ፤ የብዙ ዓመት ድካማቸው በአንድ ቀን ተመሰቃቀለ። «ፒንቦርድ» የተባለው ተወዳዳሪ ባለቤት ማቼይ ሴግሎቭስኪ ምን እንደሚፈልጉ ሲጠይቃቸው፣ በአንድ ላይ ሆነው በአሥር የሚቆጠሩ ገጾች ያሉት ዝርዝር ጽፈው ሰጡት። ኩባንያ ያላየውን ሥርዓት ተራ አንባቢያን ዘርግተውት ኖሯል! ሴግሎቭስኪ በ2017 ዴሊሸስን ራሱን በ35,000 ዶላር ገዛው፤ አዲስ አድራሻ መቀበሉንም አቆመ። ጎግልም ብዙዎች የተማመኑበትን የጎግል ሪደር አገልግሎት በሐምሌ 2013 ዘግቶት ነበር።

መለያ ቃል ግን አልሞተም፤ ቤት ቀየረ። በነሐሴ 2007 የትዊተር ተቀጣሪ ያልሆነው ክሪስ ሜሲና ከቃል በፊት የመሰላል ምልክት እናስቀምጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ኩባንያው በ2009 ተቀበለው። በሚያዝያ 2014 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች አዲስ አበባ ላይ ሲታሰሩ «ፍሪ ዞን ናይን ብሎገርስ» የሚለው ሃሽታግ በአገር ቤትም በውጭም ያሉትን ጠያቂዎቻቸውን በአንድ ስም አሰባሰበ። ዴሊሸስ ላይ መለያ ቃል ለኋላ ፍለጋ የሚቀመጥ ምልክት ነበር፤ እዚህ ግን ጩኸት ሆነ። ታሳሪዎቹ በ2015 ተፈቱ። ትዊተር በ2022 ተሽጦ በ2023 «ኤክስ» ከተባለ ወዲህ ግን በስሙ ተመዝግቦ ያልገባ ሰው በሃሽታግ መፈለግ አይችልም። የ2014ን መዝገብ ማገላበጥ የሚሻ ተመራማሪም መጀመሪያ ደጃፉ ላይ ስሙን ያስመዘግባል።