የመንገድ ዳር የማን ነው?

የመንገድ ታሪክ ሲጻፍ የሚጻፈው የአስፋልቱ ታሪክ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ፣ ማን አሠራው፣ ስንት ድልድይ ቆመ፤ በቃ። ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ ያለችውን ቀጭን መሬት ማንም አይቆጥራትም። ሕዝቡ የሚሄደው ግን እዚያች ላይ ነው። ተማሪው፣ እንጨት ተሸካሚዋ፣ በጉን ወደ ገበያ የሚነዳው፣ ሁሉም። ስለዚህ እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ታሪኩን ከዳር ሆነን ልናየው አሰብን።

የሲራራ ነጋዴ መንገድ ዳር አልነበረውም። በቅሎ የረገጠው ሁሉ መንገድ ነበር፤ ሲጨቀይ ወደ ግራ ነው፣ ሲደርቅ ወደ ቀኝ። ዳርና መሐል የተለየው የተደመደመ መንገድ ሲመጣ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም መንገድ አሠሩ፤ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያመጣውንም የእንፋሎት መዳመጫ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከባሕር ማዶ የገባው ባሕር ዛፍም ቆይቶ ከከተማዋ በሚወጡት መንገዶች ግራና ቀኝ ተሰለፈ። ጥላውን እንወደዋለን፤ ከሥሩ ሣር እንደ ልብ እንደማይበቅል ግን እረኛ ሁሉ ያውቃል።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ያሠራው መንገድ ለጦሩና ለስንቁ ነበር። 587 ሜትር የሚረዝመውን የጣርማ በር ዋሻ ዛሬም እናልፍበታለን። በመንገዱ ዳር በእግሩ የሚሄደው ሰው በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልገባም፤ ለምንስ ይግባ? በ1943 ዓ.ም ከዓለም ባንክ ብድር ተገኝቶ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ደግሞ የተረከበው 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል የተጎዳ መንገድ ነው። መጀመሪያ ጉድጓዱን መድፈን፣ ድልድዩን መጠገን ግድ ነበር፤ በዚህ ልንወቅሰው አይገባም። ዳሩ ግን እንደገና ለሌላ ጊዜ ተባለ።

ያ «ሌላ ጊዜ» ሲመጣ አረም ይዞ መጣ።

የቅንጬ አረምን የማያውቅ አንባቢ ካለ በምሥራቅ በኩል በአውቶቡስ ሲሄድ በመስኮት ይመልከት፤ ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያላት፣ ቅጠሏ የተሰነጣጠቀ፣ ከቦዩ አንሥታ እስከ ማሳው ድንበር የሞላችው እሷ ናት። ስለ አመጣጧ ሁለት ታሪክ ይነገራል። አንደኛው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በጦር መኪኖች ተሳፍራ ገባች ይላል፤ ሁለተኛው በረኃቡ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅላ መጣች ነው። ሁለቱም ታሪክ የሚያልፈው በመንገድ ነው። የሐረርጌ ገበሬዎች በኦሮምኛ «ፋራምሲሳ» ብለው ሰየሟት፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ የምታሰኝ እንደ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም የሚያወጣላት ሊቅ አናውቅም።

ሰዎቹ እውነታቸውን ነው። አንዲቷ ተክል እስከ 25,000 ዘር ልትሰጥ ትችላለች፤ ከበቀለችም አንድ ወር ያህል ቆይታ ታብባለች። የተቆፈረና የተጋለጠ አፈር ትወዳለች፤ የመንገድ ዳር ደግሞ ሁልጊዜ የተቆፈረ ነው። ግሬደሩ አፈሩን ሲገፋ ዘሩንም ይገፋል፤ የጭነት መኪናው ጎማ በጭቃ ይዞት ይሄዳል፤ የቦዩ ጎርፍ ወደ ማሽላው ይዞት ይገባል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመርራል፤ የነቀለው ሰው ቆዳው ያሳክከዋል፣ አስም የሚይዘውም አለ። ይባስ ብሎ ቁመቷ ከሕፃን ይበልጣል። ኩርባ ላይ ከበቀለች ሾፌሩ ከጀርባዋ ያለውን ተማሪ የሚያየው አስፋልት ላይ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ፍሬን ምን ያደርጋል?

«ታዲያ ሁሉን ማጨድ ነዋ!» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የአረሟ አገር በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ነው፤ እዚያው አጠገብ ያለችው ቴክሳስ ስለ መንገድ ዳር የተማረችው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመንገድ መሥሪያ ቤቷ ሠራተኞቹን፣ የዱር አበባው ዘሩን እስኪያራግፍ ድረስ አትጨዱ አላቸው። አበባው በየዓመቱ ተመልሶ መጣ፣ አፈሩንም ያዘ። እኛ ዘንድ አደይ አበባ እንዲሁ ናት፤ በመስከረም ታብባለች፣ ዘሯን የምታራግፈው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሰንበሌጡም ለቤት ክዳን የሚደርሰው ክረምቱ ካለፈ ወዲያ ነው። ቅንጬ ግን ተቃራኒዋ ናት፤ ዘር ከያዘች በኋላ ማጨድ መዝራት ነው፣ ከላይ ብቻ ቢቆርጧትም መልሳ ታቆጠቁጣለች። እንግዲህ በመስከረም ወጥቶ ዳሩን በአንድ ማጭድ የሚጠርግ ሰው አደይዋን ገድሎ ቅንጬዋን ዘራ ማለት ነው።

በ2008 ዓ.ም ወለንጪቲ ላይ ቅጠሏን የምትበላ ጥንዚዛ ተለቃለች። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ጥንዚዛ የግሬደር ጎማ አታጥብም።

ለእኛ የሚታየን ይህ ነው። ኩርባ፣ መሻገሪያና ትምህርት ቤት አጠገብ ያለው ዳር ዓመቱን ሙሉ አጭር ሆኖ ይቆይ፤ እዚያ ላይ ስለ አበባ አንከራከርም። በሌላው ቦታ ቅንጬዋ ሳታብብ፣ አፈሩ በክረምት ዝናብ በራሰ ጊዜ፣ በሰኔና በሐምሌ ከነሥሯ ትነቀል፤ ነቃዩም ጓንት ይሰጠው። አንዴ ነቅሎ መተውም አይሆንም፣ በየወሩ መመለስ ነው። ሰርዶው ባዶውን አፈር እንዲይዝ ይተው። ግሬደሩ አረም ካለበት ወረዳ ወደሌለበት ሲሻገር ታጥቦ ይለፍ። ለአደይና ለሰንበሌጥ ማጭዱ እስከ ኅዳር ይቆይ፤ ያኔ የዳሩ ገበሬ ሣሩን ለክዳኑ ራሱ ያጭደዋል።